ዕድሜ ልክ ማለት እስከ መቼ ነው?

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሽ ስንከራከር አንዱ ጓደኛችን፣ «ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም ቢሆን አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም» አለ። በአገራችን ሕግ ከሄድን አነጋገሩ መሠረት አለው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዕድሜ ልክ የታሰረ ሰው 20 ዓመት ከፈጸመ በኋላ ጠባዩ ታይቶ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። በአሜሪካ ግን አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ ፍርድ አለ። በዚህ ፍርድ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ታስረው ይገኛሉ፤ ልዩ ምሕረት ካላገኙ በቀር የሚወጡት አስከሬናቸው ነው።

የፔንሲልቫኒያን ክፍለ ግዛት እንውሰድ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሁለት ሰዎች ለዝርፊያ ወጥተው አንደኛው ነፍስ ቢያጠፋ፣ እጁን ያላነሣውም ሌላው ይኸው ቅጣት እንዲደርስበት ሕጉ ለብዙ ዓመታት ሲያስገድድ ኖሯል። የቀረችው በር የገዥው ምሕረት ናት። እርሷም በ1997 ጠበበች፤ አምስቱ የይቅርታ ቦርድ አባላት በሙሉ ድምፅ ካልተስማሙ ጉዳዩ ከገዥው ዘንድ አይደርስም። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በ1994 ምሕረት አግኝቶ የወጣ አንድ እስረኛ በኒው ዮርክ ሰው ገድሎ ነበር። እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ግን አንድ ሰው ስላጠፋው ጥፋት በሺህ በሚቆጠሩት ላይ በሩን መዝጋት ፍርድ ነውን?

ይህን ጥያቄ ዛሬ አጥብቀው የሚያነሡት ራሳቸው ታስረው የወጡት ናቸው። ሮበርት ሳሊም ሆልብሩክ በ1990 በ16 ዓመቱ ታስሮ በዚሁ ፍርድ ሥር ከኖረ በኋላ በ2018 ተፈታ፤ ከዚያም እስረኞችን የሚከላከል የሕግ ድርጅት መሪ ሆነ። እርሱና መሰሎቹ ፍርዱን «በእስር የሚፈጸም ሞት» ይሉታል። ወደ ሐሪስበርግ እየሄዱ የሕግ አውጪዎችን ያነጋግራሉ፤ ከውስጥ ለቀሩት ጓደኞቻቸው ይመሰክራሉ። ጥያቄያቸው ሁሉም ይፈታ አይደለም፤ ከረጅም ዘመን በኋላ ሰውየው ምን እንደ ሆነ የሚያይ አንድ አካል ይኑር ነው።

እነርሱ ራሳቸው የወጡት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ይህን ቅጣት በግዴታ መፍረድን ስለ ከለከለና፣ በ2016 ውሳኔው ቀድሞ ለተፈረደባቸውም እንዲሠራ ስላደረገ ነው። ከእነዚህ አንዱ ጆ ሊገን በ1953 በ15 ዓመቱ ገብቶ በ2021 በ83 ዓመቱ ወጣ። በ2017 በአመክሮ የመውጣት ዕድል ቢሰጠውም፣ ቀሪ ዘመኔን በተቆጣጣሪ ሥር አልኖርም ብሎ እንቢ ብሎ ነበር! በ2020 በወጣ አንድ ጥናት ከፊላዴልፊያ ከተፈቱት 174 ሰዎች መካከል እንደገና ጥፋተኛ ሆነው የተገኙት 2 ብቻ ናቸው።

በወንጀሉ ቀን 18 ዓመት የሞላው ግን ከዚህ ውሳኔ አልተጠቀመም፤ በጥቂት ወራት ልዩነት አንዱ ወጥቶ ሌላው ቀርቷል። የማሳቹሴትስ የበላይ ፍርድ ቤት በጥር 2024 ወሰኑን ወደ 21 ዓመት ከፍ አደረገው፤ 22 ዓመት የሆነው ልጅ ጉዳይ ገና ያከራክራል።