የደንበኛው መልእክት የት ቀረ?

ዋጋ በየሰዓቱ በሚለዋወጥበት ገበያ፣ ደንበኛ በድምፅ መልእክት የተወው ትዕዛዝ ካልተሰማ ሽያጩ ለሌላ ነጋዴ ይሆናል፡፡ የዋና መሥሪያ ቤታቸውንና የቅርንጫፎቻቸውን የስልክ ማዞሪያ ያገናኙ ድርጅቶች ይህ ሲደርስባቸው አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ይቸኩላሉ፡፡ ይሁን እንጂ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ሁለቱ ማዞሪያዎች በሚነጋገሩበት መስመር ላይ ነው፡፡

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፡፡ ቅርንጫፍ የደወለ ደንበኛ የሠራተኛውን ሳጥን ሳይሆን አጠቃላዩን ሰላምታ ከሰማ፣ መጀመሪያ የተደወለው የውስጥ ቁጥር ጥሪው ሲዛወር ጠፍቷል ማለት ነው፡፡ መልእክቱ ተቀድቶ የስልኩ መብራት ካልበራ ደግሞ የማሳወቂያው ምልክት ወደ ቅርንጫፉ አልተሻገረም፡፡

ሦስተኛው ምልክት፣ ሠራተኛው መልእክቱን ለመስማት የምስጢር ቁጥሩን ሲጫን ሳጥኑ አለመቀበሉ ነው፡፡ እያንዳንዱ የስልክ ቁልፍ ሁለት ድምፆችን ባንድነት ያሰማል፤ ለምሳሌ 5 ቁጥር 770 እና 1336 ኸርዝ ነው፡፡ ጂ.729 የተባለው ማመቂያ 64 ኪሎ ቢት የሚፈጀውን ንግግር በሰከንድ ወደ 8 ሲያጠበው እነዚህን ድምፆች ሊያዛባ ይችላል፡፡ መፍትሔው ቁልፉን ከንግግሩ ለይቶ የሚልከውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2006 የተሻሻለውን ደንብ በሁለቱም ጫፍ ማስከፈት ነው፡፡

በመሆኑም ነጋዴው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መጀመሪያ እዚያው ዋናው ቢሮ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከቅርንጫፉ ደውሎ ይሞክር፡፡ የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኛው እምቢ ካለ ግዢው ይቆይ፤ ቴክኒሻኑ መፈተሽ ያለበት መስመሩን ነው፡፡