ከፌርፋክስ ጎዳና እስከ አዲስ አበባ፦ የመሬት ስበት ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል?

በሎስ አንጀለስ፣ ከሆሊውድ ወደ ደቡብ በሚዘልቀው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ የከተማዋ ምክር ቤት እአአ በ2002 'ትንሿ ኢትዮጵያ' ብሎ የሰየመው ሰፈር ይገኛል። በዚህ ሰፈር፣ በሞላ በሚሠራ ሚዛን በትክክል አንድ ኪሎ የመዘነ ቡና ከነሚዛኑ አዲስ አበባ ቢወሰድ ሁለት ግራም ያህል ጎድሎ ይታያል። ከቡናው አንዲት ፍሬ አልወደቀችም፤ ሚዛኑም አልተበላሸም። የቀነሰው የመሬት ስበት ነው።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው መጠነ ቁስና ክብደት ሲለዩ ነው። መጠነ ቁስ አንድ ነገር በውስጡ የያዘው የቁስ ብዛት በመሆኑ የትም ቢሄድ አይለወጥም። ክብደት ግን መሬት ያንን ነገር ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል ነው። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ቡናውን ከብረት መመዘኛ ጋር ያነጻጽራል፤ ስበት ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ አይታይም። የሞላ ሚዛንና አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች ግን የሚለኩት ኃይልን ነው። ረቂቅ ሚዛኖች በሚያገለግሉበት ቦታ ዳግም መስተካከል ያለባቸውም ለዚህ ነው።

የስበት ጥንካሬ የሚገለጸው ወደ መሬት የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ በምን ያህል እንደሚጨምር በመለካት ነው። ጭማሪው በምድር ወገብ በሰከንድ 9.78 ሜትር፣ በዋልታዎች ደግሞ 9.83 ሜትር ገደማ ነው። በሎስ አንጀለስ 9.796፣ በአዲስ አበባ 9.775 አካባቢ ይሆናል። በሎስ አንጀለስ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያው ሚዛን አዲስ አበባ ላይ ቢቆም 150 ግራም ያህል ይቀልላል።

ሽክርክሪት፣ ቅርጽና ከፍታ

የመጀመሪያው ምክንያት የምድር ሽክርክሪት ነው። ለምድር ወገብ የቀረበችው አዲስ አበባ ከምድር ጋር በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትዞር፣ ወደ ሰሜን የራቀችው ሎስ አንጀለስ 1,385 ኪሎ ሜትር ያህል ትዞራለች። ዙረቱ በፈጠነ መጠን የስበቱ ጥቂት ክፍል ነገሮችን ከምድር ጋር አብሮ ለማዞር ይውላል፤ ሚዛን ላይ የሚያርፈውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የምድር ቅርጽ ነው። ይኸው ሽክርክሪት ምድርን በወገቧ ላይ አሳብጧታል። በምድር ወገብ የሚገኝ ሰው በዋልታ ካለው ይልቅ ከምድር እምብርት በ21 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ርቀት ሲጨምር ደግሞ ስበት ይላላል።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ፌርፋክስ ግን ለባህሩ ቅርብ በሆነ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ከደጋው በታች ያለው ወፍራም አለት በራሱ ስበት ከቀነሰው ጥቂቱን ቢመልስም ሙሉ በሙሉ አያካክሰውም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከሽክርክሪትና ከቅርጽ፣ ቀሪው በዋናነት ከከፍታ የመጣ ነው።

ወደ ኋላ የቀረው ሰዓት

ይህን ልዩነት መጀመሪያ የገለጠው ሰዓት ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ዣን ሪሼ እአአ በ1672 በምድር ወገብ አቅራቢያ ወደምትገኘው ካየን ሲሄድ፣ በፓሪስ በትክክል ይሠራ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ስበት ሲላላ ፔንዱለም ይዘገያል። አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ክስተቱን ምድር ለመሽከርከሯና በወገቧ ለማበጧ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። በሎስ አንጀለስ የተስተካከለ ተመሳሳይ ሰዓት ዛሬ አዲስ አበባ ቢመጣ በቀን አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል።

ከእግር በታች ያለው

ባለሙያዎች የኬክሮስንና የከፍታን ድርሻ አስልተው ከልኬቱ ሲቀንሱ የሚተርፍ ጥቂት ልዩነት አለ። እርሱ የሚመነጨው ከመሬት በታች ካለው አለት ነው፤ እፍጋቱ ከፍ ያለ አለት ስበትን ይጨምራል፣ የላላ ደለል ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ በአራት ኪሎው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፒየር ጉዊንና ፖል ሞር በ1960ዎቹ በአገሪቱ የተለያዩ መስመሮች ያደረጉትን የስበት ልኬት አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች በዋናው ስምጥ ሸለቆ ወለል መሃል ስበት በዙሪያው ካለው ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይተዋል። ምክንያቱም ቅልጥ አለት ከጥልቅ ወጥቶ በቅርፊቱ ውስጥ በመርጋት እፍጋቱ ከፍ ያለ አለት መሥራቱ ነው። ይህ ሂደት አሁንም አላበቃም። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ያፈናቀለው የመሬት መንቀጥቀጥ ከቅልጥ አለት እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ነበር።

በሎስ አንጀለስ ምስሉ ሌላ ነው። ከሆሊውድ ኮረብታዎች ጠንካራ አለት በስተደቡብ ያለው ሜዳ፣ በጥልቁ ሥፍራ እስከ 9 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ደለል የተሞላ ተፋሰስ በመሆኑ ስበቱ ዝቅ ይላል። የስበት ካርታ የደለሉን ውፍረት ለመገመት ይረዳል። ይህ ለነዋሪዎች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ደለልና ለስላሳ አፈር የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረትን ያጎላሉና። በጥር 1994 የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ከማዕከሉ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በለስላሳ አፈር ላይ የተሠራው ፈጣን መንገድ ከትንሿ ኢትዮጵያ በስተደቡብ የፌርፋክስ ጎዳናን በሚያቋርጥበት ሥፍራ ተደርምሷል።

የስበት ልኬት መሬት በየትኛው ቀን እንደምትንቀጠቀጥ አይተነብይም። ከመሬት በታች ጠንካራው አለት የት እንዳለ፣ ደለሉ የት እንደሚወፍርና ቅልጥ አለት በየት እንዳለፈ ግን ይጠቁማል። ቤት፣ ድልድይና መንገድ ለሚሠሩ መሐንዲሶችም ሥፍራው ምን ዓይነት ጥንካሬ እንደሚጠይቅ አስቀድመው እንዲያውቁ ይረዳል።