የአንኮር ማጀት በእንግዳ ብዕር

ሦስት ጉልቻ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ የሩዙ ድስት ሸክላ ነው፤ ጭልፋው የኮኮናት ቅርፊት። ይህ ከ700 ዓመት በፊት በዛሬይቱ ካምቦዲያ፣ በአንኮር ከተማ፣ የአንድ ተራ ሰው ማጀት ነው። አይቶ የጻፈው ግን የአገሩ ሰው ሳይሆን ዡ ዳጓን የተባለ ቻይናዊ ነው።

ዡ ከቻይናው ንጉሠ ነገሥት ከተሙር መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1296 አንኮር ገባ፤ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ። ያየውን በ40 ያህል አጫጭር ክፍሎች ጻፈው። ዛሬ በእጃችን ያለው ሙሉው አይደለም፤ ቢሆንም የዚያን ዘመን የአንኮርን የዕለት ኑሮ በዓይኑ አይቶ የጻፈልን እሱ ብቻ ነው።

የአገሬው ሰዎች፣ ክመሮች፣ በድንጋይ የቀረጹት ጽሑፍ ብዙ ነው፤ የሚያወሳው ግን ነገሥታቱን፣ አማልክቱንና ለቤተ መቅደስ የተሰጠውን ሀብት ነው። ለዕለት ጉዳያቸው የሚጽፉት፣ ዡ እንደሚለው፣ ጥቁር በተነከረ ቆዳ ላይ ጠመኔ በመሰለ ነጭ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ቆዳ በሙቀቱና በእርጥበቱ ጠፍቷል፤ የእንጨት ቤቶቹም እንዲሁ። እዚያው አንኮር ባለው የባዮን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ገበያ ተቀርጿል፤ ግን በምን እንደሚገበያዩ ቅርጹ አይነግረንም።

ዡ ይነግረናል። እኔን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚማርከኝም ይኸው የገበያ ወሬ ነው። ንግዱ በሴቶች እጅ ነው። በማለዳ ተጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ይበተናል። ሱቅ የለም፤ ጉልት ነው። እያንዳንዷ ሰሌኗን አንጥፋ በታወቀ ቦታዋ ትቀመጣለች፤ ለቦታውም ለሹም ትከፍላለች። ጥቃቅኑ ዕቃ በሩዝ ይገዛል፤ ከፍ ያለው በጨርቅ፤ ትልቁ በወርቅና በብር። ከቻይና የሚመጣ ነጋዴም መጀመሪያ የአገሬውን ሴት ያገባል፤ ገበያውን የምታውቀው እሷ ናትና።

ዡ አገሬውን የሚንቅበት ጊዜ አለ፤ ይህ ሲነበብ ያሳዝናል። ከዓይኑ ግን የሚያመልጥ የለም። ከተራራ ተይዘው የመጡ ባሪያዎች መቀመጥም መተኛትም የሚፈቀድላቸው ከቤቱ ወለል በታች ብቻ እንደነበር፣ ለሥራ ወደ ላይ ሲወጡም ተንበርክከው እጅ መንሳት እንዳለባቸው የምናውቀው ከእሱ ነው።

የማጀቱንም ነገር እስከ መጨረሻው ይነግረናል። ወጡ የሚቀርበው ከቅጠል በተሠራች ትንሽ ጽዋ ነው፤ ሞልታም አታፈስም። የወጡ ማንኪያም ከቅጠል ናት፤ ከተበላ በኋላ ትጣላለች።