ያውቁ ኖሯል? ከአሪ ባቢዎች እስከ ጎታው መስፍን

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጂንካ ዙሪያ ያለው የአሪ ምድር፣ የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስኪደርስ ድረስ አንድ ንጉሥ አልነበረውም። በየአካባቢው «ባቢ» የሚባል፣ ሥልጣኑን በዘር የሚወርስ ገዢ ነበረ። የእህሉም የከብቱም በረከት ከባቢው ጋር የተሳሰረ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ባቢዎቹ «ባላባት» ተብለው በአዲሱ አስተዳደር ሥር ገቡ።

የሐመር መንፈሳዊ መሪ ደግሞ «ቢታ» ይባላል። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት የቢታው የባንኪ ማሮ የመጀመሪያ አባት ከአሪ መጥቶ በሐመር ተራራ ላይ እሳት አነደደ፤ እሳቱን ያዩ ሁሉ ከያሉበት ተሰባሰቡ።

አገር እንዲህ ተከፋፍሎ የሚገዛው እኛ ዘንድ ብቻ ከመሰለዎት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ምድር 300 ገደማ ግዛቶች ነበሩት። አንዳንዱ መስፍን በማለዳ በፈረስ ቢነሳ ሳይመሽ አገሩን አቋርጦ ይጨርሳል።

ከእነዚህ መሳፍንት አንዱ በ1601 የተወለደው የጎታው ኤርንስት ነው። በወጣትነቱ በስዊድኑ ንጉሥ በጉስታቭ አዶልፍ ሥር ተዋግቷል፤ ንጉሡ በ1632 ሉትሰን ላይ ሲወድቅ እሱም በጦር ሜዳው ነበር። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ።

አገሩ በጦርነት ደቅቃ ሳለ በ1642 ያወጣው የትምህርት ደንብ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች እንዲማሩ ያስገድድ ነበር። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ድህነት!

የአምሐራው ሰው፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 የዚህ መስፍን እንግዳ ነበሩ። ወዳጃቸው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ቀደም ብሎ ሮም ላይ አግኝቷቸው ነበር። መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ስለ አገሪቱ ይጠይቃል፤ አባ ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ ይጽፋል። ከዚያ ጭውውት የጀመረው ሥራ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሆኖ ታተመ። የሥራው እኩል ባለቤት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሳቸው ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ፤ ኤርንስትም በ1675 ዐረፈ።

መስፍኑ በ1663 ቫንስሌብ የሚባል ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። ሰውየው ግብፅ ላይ ቀረ፤ አልፎም ሮም ሄዶ ካቶሊክ ሆነ። ለጽኑው ፕሮቴስታንት መስፍን ከዚህ የከፋ መልእክተኛ አይገኝም።

ኤርንስት 18 ልጆች ወልዷል። ከሞተ በኋላ ያችው ትንሽ አገሩ ለሰባት ወንዶች ልጆቹ ለሰባት ተሸነሸነች። በ1965 ኢትዮጵያን የጎበኙት የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥም ከዘሩ ናቸው።

ወደ ጂንካና ሐመር አካባቢ እንመለስና፣ የደቡብ ኦሞው ጨው ባሕር ለረጅም ጊዜ በአውሮፓ ካርታ ላይ «ስቴፋኒ ሐይቅ» ይባል ነበር። በ1888 የደረሱበት ካውንት ቴሌኪና ፎን ሆኔል በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ በሩዶልፍ ሚስት ስም ሰየሙት። የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ግን ወደ ጎን ተተወ።

ጀርመኖች በኋላም አልቀሩም። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቮ ሽትሬከር ከባለቤቱ ከጂን ሊዳል ጋር የሐመርን ትረካ ከሐመሩ ተወላጅ ከባልዳምቤ አፍ ቀድቶ ጽፏል፤ ጂንካ ከተማን ቁልቁል የሚያየው ሙዚየምና የምርምር ማዕከልም የእሱ ጥረት ውጤት ነው። ጂንካ ከደረሱ ወደ ሙርሲ ከመገስገስዎ በፊት ወደዚያ ኮረብታ ጎራ ይበሉ።