የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር የማን ሠራተኛ ነው?

በወላይታ ሶዶ የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ሦስት መሥመር ብቻ ነው፤ ምክንያት አይገልጽም። ወዳጃችንን ከስንብቱ ይልቅ ያስጨነቀው ግን «አቤት የምለው ለማን ነው?» የሚለው ነገር ነበር። ትምህርት ቤቱ ነጋዴ የከፈተው አይደለም፤ የአካባቢው ሰው አዋጥቶ ያሠራውና በኮሚቴ የሚመራ ነው። በበሩ ላይ ያለው ሰሌዳም «የሕዝብ» ይላል። ሕዝብ ከተባለ መንግሥት ማለት ነው ብሎ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ እነዚያም ወደ ሌላ መሩት፤ በመጨረሻ «አንተ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለህም» ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ወር ከሃያ ቀን አልፏል።

በወላይታ ይህን መሰሉ ግራ መጋባት ቢበዛ አያስደንቅም። የኤስ. አይ. ኤም. ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ ከመጡ ወዲህ፣ በካቶሊኮቹም በኩል፣ በዚህ አገር ፊደል ያስቆጠረው መንግሥት ብቻ አይደለም። በአብዮቱ ዘመን ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ሲወርስ ደግሞ «የሕዝብ ትምህርት ቤት» የሚለው ስም በመላው አገሪቱ ተለመደ፤ ወላጅ እየከፈለ፣ ኮሚቴ እያስተዳደረ የሚኖር፣ የመንግሥትም የነጋዴም ያልሆነ ቤት መሆኑ ነው። ዛሬም በሶዶ የታወቀው የሊቃ ትምህርት ቤት የወላይታ ልማት ማኅበር ነው። ማኅበሩ የሕዝብ ነው፤ ሕዝብ ግን ደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ አይፈርምም።

ሕጉ የሚያውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቋሚነት የተቀጠረ መምህር በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራል፤ ክርክሩንም የሚሰማለት የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ይገባል። ይህ አዋጅ «ድርጅት» ሲል ትርፍ ፈላጊውን ብቻ አይደለም፤ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪና ለግብርና የቆመውን ከዘረዘረ በኋላ ለሌላ ሕጋዊ ዓላማ በአንድ አመራር የሚካሄደውንም ይጨምራል። ስለዚህ ማኅበሩ አላተረፈም ማለት አሠሪ አይደለም ማለት አይሆንም። የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሥራ ግንኙነት በሚመለከት ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ ከአዋጁ ሊያስቀረው እንደሚችል ተጽፏል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበትን አንድ ቃል ማንሣት ይገባናል። አዋጁ የማይመለከታቸውን ውሎች ሲቆጥር «ለማስተማር» የተደረገውን ይጠቅሳልና፣ አንዳንድ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ይህን ይዘው መምህር ሁሉ ከአዋጁ ውጭ ነው ይላሉ። የተባለው ግን በአስተማሪና በተማሪ መካከል ያለው ግንኙነት ነው፤ ደመወዝ ተቀብሎ የሚያስተምረውን አይነካም።

እንግዲህ አንድ ግቢ እናስብ። ሚሲዮን የከፈተው ትምህርት ቤት ነው እንበል። የሒሳቡ መምህር መንግሥት መድቦት ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል፤ የእንግሊዝኛዋን መምህርት ትምህርት ቤቱ ራሱ ቀጥሯታል፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ተሰጥቶታል። ሦስቱም በአንድ ደወል ይገባሉ፣ በአንድ ክፍል ሻይ ይጠጣሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁለተኛዋ የአዋጅ 1156 ሠራተኛ ናቸው። ሦስተኛው የሥራ መሪ ስለ ሆነ ከሁለቱም ወጥቶ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዳኛል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጣቸው፣ የግል ቦርድ ግን የሚያስተዳድራቸው «ቻርተር» የተባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። የዚያ አገር የሠራተኞች ጉዳይ ቦርድ በ2016 በሁለት እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ሲፈርድ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ አላቆመም፤ ያቋቋማቸው መንግሥት ራሱ ነውን? አስተዳዳሪዎቹስ ለሕዝብ ባለሥልጣን ወይም ለመራጭ ተጠያቂ ናቸውን? ብሎ ጠየቀ። ሁለቱንም አይደሉም ብሎ የግል አሠሪ አደረጋቸው። እኛ ይህ መለኪያ ሳይሻል አይቀርም እንላለን፤ በሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ማን ቀጠረህ፣ ማንስ ያሰናብትሃል የሚለው ይበልጥ ይታመናልና።

መምህሩስ በየትኛው ወገን ቢሆን ይጠቀማል? በጡረታ በኩል ልዩነቱ እምብዛም ነው፤ በሁለቱም ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። የመንግሥት እንጀራ አይቋረጥም የሚለው የአባቶቻችን እምነት ግን በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ተፈትኗል፤ ደመወዝ ዘግይቶ ትምህርት እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር። በሌላው ወገን አሥር ሠራተኞች ካሉ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም፣ የኅብረት ስምምነት መደራደር ይቻላል፤ ትምህርትም አዋጁ የሥራ ማቆም ከከለከለባቸው አገልግሎቶች መካከል አልተቆጠረም። ይህን መብታቸውን የሚያውቁ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን ብዙ አላጋጠሙንም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። ወዳጃችን በመደበኛው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክሱን ያስገባው አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ትምህርት ቤቱ መልስ ሲሰጥ ምን ብሎ ተቃወመ ቢባል፣ «እኛ የሕዝብ ስለ ሆንን ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ ነው» አለ። ዳኛው የቅጥር ደብዳቤው ይቅረብ አሉ። ቀረበ፤ የፈረመበት የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። መቃወሚያው ውድቅ ሆኖ ዋናው ክርክር ለሚያዝያ ተቀጠረ።