ውሻን ማምከን ይገባልን?

ውሻ ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር አብሮ የኖረ እንስሳ መሆኑ የታወቀ ነው። በአገራችን በከተማም ሆነ በደጋው ቤት የሚጠብቅ፣ ከብት የሚከላከል፣ ሌባና አውሬ ሲመጣ ባለቤቱን የሚቀሰቅስ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ታማኝነቱ ብዙ ሲነገር፣ ስለ መራባቱ የሚነጋገር ሰው ጥቂት ነው። «የተወለዱትን ቡችሎች ምን እናድርጋቸው? ወንዱስ በየሌሊቱ አጥር እየጣሰ ሲያስቸግር ምን ይበጀዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን በብዙ የጎንደር ቤት አለ። ስለዚህ ውሻን የማምከን ጥቅሙና ጉዳቱ ምን እንደ ሆነ፣ ለየትኛው ውሻ እንደሚበጅም በተቻለኝ መጠን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ትርጉም እንመልከት። እንስሳን ማኮላሸት ለአገራችን ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ወጠጤው ተኮላሽቶ ሲቀለብ ሙክት ይባላል፤ ወይፈኑም ተኮላሽቶ ለእርሻ ይገራል፣ ወይም ሰንጋ ሆኖ ለበዓል ይታረዳል። ለውሻ የሚደረገው ሥራ ግን በሐኪም እጅ፣ እንስሳው በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ የሚፈጸም ቀዶ ሕክምና ነው። ወንድ ሲሆን ሁለቱ የዘር ፍሬዎቹ ይወጣሉ። ሴት ስትሆን ሆዷ ተከፍቶ እንቁላል የሚያመነጩት ሁለቱ ዕጢዎች፣ ብዙ ጊዜም ማኅፀኗ ጭምር ይወጣሉ። ስለዚህ የሴቷ ሕክምና ከወንዱ ይልቅ ከበድ ያለና ጊዜ የሚወስድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሴት ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜዋ ወንድ መፈለግ ትጀምራለች። ከዚያም በኋላ ይህ ወቅት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ይመላለስባታል፤ በየጊዜውም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆያል። እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ሲሆን፣ በአንድ ወሊድ ከ4 እስከ 8 ቡችላ ልትወልድ ትችላለች። እንግዲህ አንዲት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ብትወልድ፣ የልጆቿን ልጆች ሳንቆጥር በአምስት ዓመት ውስጥ 50 ቡችሎች ይሆናሉ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ቤት አያገኙም። በሰፈራችን እንደማየው ቡችላ የሚለምን ሰው ለጥበቃ ብሎ ወንዱን ይመርጣል፤ ሴቷን ግን «ነገ ደግሞ ትወልድብናለች» ብሎ ይተዋታል። የተረፉት ሴቶች በጆንያ ተደርገው በወንዝ ዳር ወይም በገበያ አጠገብ ይጣላሉ። ከእነርሱም መካከል ሞት ያልወሰዳቸው አድገው በተራቸው ይወልዳሉ። ሌሊት በልኳንዳው ደጃፍ ተሰብስቦ የምናየው የውሻ መንጋ እንዲህ ሆኖ ከየቤታችን የወጣ ነው። በዐቢይ ጾም ልኳንዳው ሲዘጋማ አጥንት አጥተው በየቆሻሻው ክምር ላይ ሲናከሱ ማየት ያሳዝናል።

ይህ ነገር በእኛም ቤት ደርሷል። ቡቺ የምትባል ሴት ውሻ አለችን። በሁለተኛው ወሊዷ ስድስት ቡችላ ስትወልድ ሁለቱን ወንዶች ጎረቤቶች ወዲያው ወሰዷቸው፤ አራቱን ሴቶች ግን የሚቀበል ጠፋ። አንድ ሰው «አንገረብ ወስጄ ልጣልላችሁ» ቢል፣ እናቴ «ጡት ያልተወ ነፍስ ከቤቴ አይጣልም» ብለው ከለከሉ። አባቴ ቡቺ እንድትመክን ሐሳብ ሲያቀርቡ ደግሞ እናቴ «እግዚአብሔር የሰጣትን መውለድ እኛ ምን አግብቶን እንከለክላታለን?» አሉ። ሁለቱም ንግግር ከአንድ ርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ፣ መልስ ለመስጠት ቀላል አልነበረም። ቡችሎቹ በግቢያችን ቆዩ። ሁለቱ በተቅማጥ ሞቱ፤ አንዷን መኪና ገጫት፤ አራተኛዋን በደንቢያ ያሉ ዘመዶቻችን ወሰዷት። ከዚህ በኋላ እናቴ ራሳቸው «ያልተወለደ አይራብም፤ ውሰዷት» ብለው ፈቀዱ። ቡቺ ከመከነች አሁን ዓመት አልፏታል፤ ጤነኛ ናት፤ በር ሲንኳኳም እንደ ቀድሞው ትጮኻለች።

ከአንድ ውሻ ተነሥቶ ለሁሉ መፍረድ ስለማይገባ፣ የሕክምናው ትምህርት የሚለውን እንመልከት። ያልመከነች ሴት ውሻ ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ ማኅፀኗ መግል ሊቋጥርና ሊገድላት ይችላል፤ ዕጢዎቿና ማኅፀኗ ከወጡ ከዚህ ሕመም ትድናለች። በተለይ ወንድ መፈለግ ከመጀመሯ በፊት የመከነች እንደ ሆነ የጡት ዕባጭ የሚይዛት ከስንት አንዴ ነው። ወንዱም ከዘር ፍሬ ካንሰር ይድናል፤ ሴት ፍለጋ መዞሩና ስለ ሴት መናከሱም ይቀንሳል። እንዲሁም በሚሰራረሩ ጊዜ የሚተላለፍ የአባለ ዘር ዕባጭ አለ። ይህ በሽታ የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው እየተሻገረ የሚበቅልበት ስለ ሆነ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ በየመንገዱ በሚዞሩ ውሾችም ላይ ይታያል። የማይዞርና የማይሰረር ውሻ ከዚህ በሽታ ይርቃል።

ጉዳቱንም መደበቅ አይገባም። ማንኛውም ቀዶ ሕክምና የመድማት፣ የቁስል ማመርቀዝና የማደንዘዣ አደጋ አለው። የመከነ ውሻ ምግቡ ካልተመጠነ ይወፍራል። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም ትልልቅ የሆኑት፣ በኋላ ሽንታቸውን መቋጠር ያቅታቸዋል። ከውጭ አገር የመጡ ግዙፍ ዘሮች ደግሞ አጥንታቸው ሳይጠና በልጅነታቸው ቢመክኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊበዛባቸው እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ለእነዚህ እስኪያድጉ መጠበቅ ይሻላል። በፍርሃት ምክንያት የሚናከስ ውሻም በመኮላሸቱ ብቻ ይገራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ እንዲህ ያለው ጠባይ የሚቃናው በትዕግሥትና በሥልጠና ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ግን «የተኮላሸ ውሻ ሰነፍ ይሆናል፤ ቤት አይጠብቅም» በማለት ነው። ውሻ ግቢውን የሚጠብቀው ስፍራውንና ባለቤቱን ስለሚያውቅ ነው እንጂ ሴት ስለሚፈልግ አይደለም። እንዲያውም ሌሊቱን በሰፈር ሲዞር የሚያድር ወንድ በዚያ ሰዓት ቤቱን ማን እየጠበቀለት ነው? «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም፣ አጥሩን እየቀደደ ለሚወጣ ውሻ ቃል በቃል ይስማማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በሽታው በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተነሥቶ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል፤ ጎንደርም በቤጌምድር ውስጥ ነበረች። ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። ማምከን ይህን በሽታ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ክትባት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ይረዳዳሉ። በሽታው እንዲጠፋ ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። ዘንድሮ ይህን ያህል ቢከተቡና በዓመቱ ብዙ ቡችላ ቢወለድ፣ አዲሶቹ ያልተከተቡ ስለሆኑ የተከተቡት ድርሻ መልሶ ይወርዳል። መራባቱ ሲቀንስ ግን የክትባቱ ድካም በከንቱ አይቀርም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥብ፤ ጊዜ ሳያጠፋም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚሄድም ቢሆን አስቀድሞ ክትባቱን መጀመር ይገባዋል።

ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ «ካኒስ ሲመንሲስ» የሚለው የሳይንስ ስሙም ከእኛው ሰሜን የተወሰደ ነው። በጠቅላላው የቀሩት ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም። ጠላቱ ጥይት ብቻ አይደለም፤ ከእረኛ ጋር የሚወጣ ያልተከተበ ውሻም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡትን ፈጀ። በዚያው ሸለቆ ወንድ ውሾች ሴት ቀበሮዎችን እየሰረሩ ዲቃላ መወለዱም ታውቋል። ይህ ቢበዛ ቀይ ቀበሮ በጥይትም በበሽታም ሳይሞት ዘሩ ይጠፋል። የደጋው ገበሬ ያለ ውሻ መንጋውን ሊጠብቅ ስለማይችል ውሻህን ተው ሊባል አይገባም፤ የሚከተብና የማይራባ ውሻ እንዲኖረው ማገዝ ግን ይቻላል።

በሌሎች አገሮች የተሠራውም ትምህርት ይሰጣል። በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የመንገድ ውሾች እየተያዙ መክነውና ተከትበው ወደ ነበሩበት ይመለሱ ነበር። ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ ከሴቶቹ 65 በመቶው እንደ መከኑ፣ የውሾቹም ቁጥር 28 በመቶ እንደ ቀነሰ ታየ፤ ሥራው በተሠራበት የከተማው ክፍልም በበሽታው የሚያዝ ሰው አልተገኘም። ቡታን የምትባለው ትንሽ ተራራማ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ጀምራ በ2023 የመንገድ ውሾቿን ሁሉ ማምከኗን አስታውቃለች። ውሻን በመርዝ መግደል ግን ስፍራውን ለሌላ ውሻ ባዶ ያደርጋል እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ ለመወሰን የሚፈልግ ቤተ ሰብ እነዚህን ጥያቄዎች ራሱን ይጠይቅ። አንደኛ፣ ውሻው ከግቢ ይወጣልን? የሚወጣ ከሆነ ማምከኑ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሴት ናትን? በአንድ ሰፈር ጥቂት ወንዶች ሳይኮላሹ ቢቀሩ ሴቶቹን ሁሉ ለማስረገዝ ይበቃሉ፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሴቷ ትቅደም። ሦስተኛ፣ ቡችሎቹን የሚቀበል የታወቀ ሰው አለን? አራተኛ፣ ዕድሜውና ጤንነቱ ይፈቅዳልን? ይህን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በከተማችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ስላለ ሄዶ ማማከር ይቻላል። በተዘጋ ግቢ የሚኖርና የማይዞር ጤነኛ ወንድ ግን ባይኮላሽ ባለቤቱ የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ከውሳኔው በኋላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሻው ሐኪሙ ካዘዘው ሰዓት ጀምሮ ምግብ ሳይበላ ይወሰድ፤ ከተመለሰ በኋላም ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይሮጥና ቁስሉን ሳይልስ በንጹሕ ስፍራ ይጠበቅ። ዓመታዊ የእብድ ውሻ ክትባቱም አይቋረጥ።

ውሻ የሚናገርበት አፍ ስለሌለው የሚፈርድለት አሳዳሪው ነው። ልጅ እንዳይወልድ ማድረግ ቀላል ፍርድ አለመሆኑን እናቴ አስተምረውኛል፤ ወልዶ በጆንያ እንዲጣል መተውም ግን ፍርድ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በየቤታችን ስላለው ውሻ ከወላጆቻችን ጋር እንድንመካከር፣ ቢያንስ ዘንድሮ ሳይከተብ እንዳያልፍ እንድንተጋ አሳስባለሁ።