ዲባባ ሁሉ እህትማማች ነው?

ነሐሴ 2007 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ገንዘቤ ዲባባ በ1,500 ሜትር፣ ማሬ ዲባባ ደግሞ በማራቶን ወርቅ አጠለቁ። ያን ጊዜ «እነዚያ እህትማማቾች ደገሙት» ያለው ብዙ ነው፤ ዛሬም የሚል አይጠፋም።

ተረት፦ ማሬ የገንዘቤና የጥሩነሽ ዲባባ እህት ናት።

እውነታ፦ አይደለችም። ጥሩነሽ፣ ገንዘቤና እጅጋየሁ የአርሲ በቆጂ ልጆች፣ የአንድ አባት ፍሬዎች ናቸው። ነገሩን የሚለየው የአያት ስም ነው፤ እነጥሩነሽ ዲባባ ቀነኒ ሲባሉ ማሬ ዲባባ ሁርሳ ትባላለች። ዲባባ ቀነኒና ዲባባ ሁርሳ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሁለቱም ልጆች የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። የአንዱን አባት ክብር ለሌላው መስጠት ቀላል ስህተት አይደለም። በቀለ የሚለው ስምም እንደዚሁ ነው። ሯጮቹ ቀነኒሳና ታሪኩ በቀለ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ለቱርክ የሮጠችው ዓለሚቱ በቀለ ደግፋ ግን የሌላ በቀለ ልጅ ናት።

ተረት፦ ስሙ ካልገጠመ ዝምድና የለም።

እውነታ፦ በ1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር እጅጋየሁ ዲባባ ብር፣ ደራርቱ ቱሉ ነሐስ ወሰዱ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ከስማቸው ግን ይህን የሚያውቅ የለም። ዝምድና የሚቆጠረው በትውልድ ነው፣ በእናትም በአባትም፤ የአባት ስም የሚነግረን አባትየውን ብቻ ነው።

ትዳርም ስም አይለውጥም። ጥሩነሽ ስለሺ ስህንን ካገባች በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ያው ጥሩነሽ ዲባባ ነበረች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በለመደው ቀጠለ።

የዚህ የስም ሥርዓት ችግር የሚብሰው ባሕር ማዶ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ቤተሰብ ቅጽ ሲሞላ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይገኛሉ፤ እናት ከልጇ ጋር አየር ማረፊያ ስትደርስ «ልጅሽ መሆኑን አስረጂ» ልትባል ትችላለች። ከዚህ ለመዳን አንዳንዶች የአያትን ስም ለቤቱ ሁሉ አንድ አድርገው ያጸድቁታል። ከዚያ ወዲያ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይተላለፋል፤ እዚያ የሚወለዱ ሁለት ዲባባዎች የእውነት የአንድ ቤት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።